ካመለጠ ሰው ማስታወሻ ወደ ፊልም

ጥያቄ፦ «ከወህኒ ቤት አምልጦ ዛሬም በሕይወት ያለ ሰው የጻፈውን 340 ገጽ ማስታወሻ ወደ ፊልም ለመቀየር የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨርሻለሁ። ስክሪፕቱ 168 ገጽ ሆነብኝ። ከልጅነቱ ጀምሬ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ተከትያለሁ፤ በልቡ የሚያስበውንም በተራኪ ድምፅ አስገብቼዋለሁ። ታሪኩ እውነተኛ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግህም፣ ስሞቹን ብቻ ቀይር ብለውኛል። ያነበቡልኝ ሰዎች ደግሞ ‹ማምለጡን ከሽፋኑ ስለምናውቅ ልብ አይሰቅልም› አሉኝ። መጨረሻውን ልቀይረው? ቀረጻውንስ እውነተኛ እስር ቤት ውስጥ ባደርገው አይሻልም?»

ረቂቁን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። ከእሱ የሚቀድም ወረቀት አለ፤ እሱም ከደራሲው ጋር የሚፈራረሙት ውል ነው።

«እውነተኛ ታሪክ ፈቃድ አይፈልግም» ያሉዎት ሰዎች የነገሩዎት ግማሹን ነው። የተፈጸመ ድርጊት የማንም ንብረት አይደለም፤ እገሌ በዚህ ሌሊት ከዚህ ወህኒ አመለጠ የሚለውን ከጋዜጣ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከሌሎች ምስክሮች አሰባስቦ ፊልም መሥራት ይቻላል። የእርስዎ ረቂቅ ግን የተነሣው ከመጽሐፉ ነው። ደራሲው የመረጣቸው ትዕይንቶች፣ የጻፋቸው ምልልሶች፣ ነገሩን የደረደረበት መንገድ፣ ፍርሃቱን የገለጸበት ቃል ሁሉ በቅጂ መብት የተጠበቁ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ወስደው፣ ሐሳቡን በተራኪ ድምፅ እያሰሙ ስም ብቻ ቢቀይሩ ሥራው ከመጽሐፉ የተወሰደ መሆኑ አይቀርም። ስለ ቅጂ መብት የተደረገው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ደራሲዎ ደግሞ በሕይወት አለ።

ስም መቀየር ከስም ማጥፋት ክስም አያድንም። በዚያ ወህኒ በዚያ ዓመት አንድ የሌሊት አዛዥ ብቻ ከነበረ፣ ምንም ስም ቢያወጡለት የሚያውቁት ሰዎች ያውቁታል፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። በስም ለውጥ የሚተማመን ፊልም ሠሪ ብዙውን ጊዜ የሚቀይረው ስሙን ብቻ ነው፤ ጠባሳውን፣ የትውልድ ቦታውን፣ የሚወደውን ዘፈን እንዳለ ይተወዋል። መለወጥ ካለበት አብሮ መለወጥ ያለበት ይህ ሁሉ ነው፤ አለዚያ ሁለት ሦስት ጠባቂዎችን አዋሕዶ አንድ አዲስ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ይሻላል።

ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ ኦፕሽን ይገዛሉ፤ ይህ ማለት መጽሐፉ ለሌላ ፊልም ሠሪ እንዳይሰጥ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተለምዶ ለ12 ወይም ለ18 ወር፣ ማስያዝ ነው። የማስያዣው ክፍያ እንደየድርድሩ ቢለያይም ከሙሉው ዋጋ አሥር በመቶ አካባቢ ማድረግ የተለመደ ነው። ሙሉው ዋጋ ቀረጻ ሲጀመር ይከፈላል። የሚታደስበትን ጊዜና ዋጋ ከመጀመሪያው ያጽፉ፤ ገንዘብ ማሰባሰቡ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይረዝማል፤ ባልተጻፈ እድሳት ላይ ሁለተኛ ጊዜ የሚደራደር ሰው ደግሞ ተሸናፊ ነው። «ለድራማ ሲባል የመለወጥ መብት» የሚል አንቀጽም አይቅር። ደራሲው ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ይስጥ፤ የመሻር ሥልጣን ግን አይስጡት። መብቱ ለዘላለም በእጅዎ እንዳይቀር የሚፈልግ ደራሲ ካጋጠመዎት፣ በተወሰነ ዓመት ውስጥ ካልተቀረጸ መብቱ ወደሱ ይመለሳል የሚለውን አይከራከሩት። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ደራሲው ከአሳታሚው ጋር ያለውን ውል ያንብቡ፤ የፊልም መብቱን ሳያስተውል አሳልፎ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። አብሮት የጻፈ ጋዜጠኛ ካለ የእሱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከትርጉም የሚሠሩ ከሆነ ተርጓሚውም የራሱ መብት አለው። ከዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ከጎደለ ፊልሙ ቢያልቅም መድን ሰጪ አይሸፍነውም፤ መድን የሌለውን ፊልም ደግሞ ትልልቅ አከፋፋዮች አይነኩትም። ከመጽሐፉ መብት ጎን ለጎን የሕይወት ታሪክ ውል የሚባለውንም ይዋዋሉ፤ በዚህኛው ውል ደራሲው በመጽሐፉ ውስጥ የሌለውን እንዲነግርዎት፣ ደብዳቤና ፎቶ እንዲሰጥዎት፣ በተሣለበት መልክም እንዳይከስዎት ይስማማል።

የወህኒ ማስታወሻን ከሌላ ግለ ታሪክ የሚለየው አንድ ተጨማሪ ነገር ደራሲው በሕግ ፊት የሚቆምበት ቦታ ነው። ማምለጥ በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በጀርመን ግን እስረኛው ሌላ ጥፋት ካልፈጸመ በማምለጡ ብቻ አይቀጣም። ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል ወይ፣ ይቅርታ አግኝቷል ወይ፣ ወይስ ዛሬም ይፈለጋል? ወንጀለኛ በወንጀሉ ታሪክ ገንዘብ እንዳያገኝ የሚከለክሉ ሕጎችም አሉ። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣችውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ቢሽረውም በሌላ መልክ የቀጠሉ አሉና ለደራሲው የሚከፍሉት ገንዘብ እጁ ይደርስ እንደሆነ ጠበቃ ይጠይቁ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የረዱት ሰዎች ጉዳይ ነው። መጽሐፉ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን ጠባቂ ወይም ልብስ አቀባይ ዘመድ በፊልሙ ማንነቱ እንዲታወቅ አያድርጉ። ደራሲው በጨዋታ መሀል ስሙን ቢነግርዎትም እንኳ።

አሁን ወደ 168 ገጹ እንመለስ። በተለምዶ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የጻፉት ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ነው። 340 ገጽ ማስታወሻ 85 ሺህ ቃል አካባቢ ይሆናል፤ 100 ገጽ ስክሪፕት ከ20 ሺህ ብዙም አያልፍም። ከአራት ቃል ሦስቱ መቅረቱ ግድ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው ሁሉንም ትዕይንት በትንሽ በትንሹ በመከርከም ነው፤ ውጤቱም ሁሉም ነገር ያለበት፣ አንዱም ያልጠለቀ ፊልም ነው። ልጅነቱን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። የታሰረበት ምክንያት በሁለት ደቂቃ ከታወቀ ይበቃል፤ ከገጽ 12 በፊት የክፍሉ በር ይዘጋበት።

የሚቀረውን ለመምረጥ አንድ ሉሕ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ይሥሩ። በመጀመሪያው ዓምድ በእስረኛውና በውጭው መንገድ መካከል ያሉትን እንቅፋቶች በተራ ይጻፉ፦ የክፍሉ ፍርግርግ፣ የክፍሉ የብረት በር፣ ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ የዘበኛው ጠረጴዛ፣ ግቢው፣ አጥሩ፣ መታወቂያ የሚጠይቀው ኬላ። ሁለተኛው እያንዳንዱን በምን አለፈው? ሦስተኛው ያንን ነገር ከየት አገኘው፣ ስንት ጊዜ ሞክሮ ከሸፈበት? አራተኛው ማን ሊያበላሽበት ይችል ነበር? ከመጽሐፉ አንድን ትዕይንት አንሥተው በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ካላገኙለት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይውጣ። ጓደኛው የሞተበት ምዕራፍ እንኳ የሚገባው ያ ሞት አንዱን ዓምድ ሲነካ ነው፤ ቁልፉን የደበቀው እሱ ከነበረ፣ ወይም በእሱ ምክንያት ፍተሻው ከጠበቀ።

የዚህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ ምን ያህል ፊልም እንደሚወጣው በደቡብ አፍሪካ የሆነውን ይመልከቱ። ቲም ጄንኪን፣ ስቲቨን ሊና አሌክስ ሙምባሪስ ከፕሪቶሪያ ወህኒ ያመለጡት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 1979 ነው፤ ጄንኪን በ1987 መጽሐፍ ጻፈበት፣ በ2020 ፊልም ሆነ። ታሪኩ የበሮች ታሪክ ነው። በእስር ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ከእንጨት ቁልፍ ይቀርጻል፤ ቁልፉ ይሞከራል፣ ይሞረዳል፣ እንደገና ይሞከራል። የክፍሉ ውጫዊ በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ስለሆነ በመስኮቱ የሚወጣ፣ ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራ ዘንግ ቁልፉን ከውጭ በኩል ያዞረዋል። ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ የመጨረሻው በር አልከፈት ብሎ በመሣሪያ መፈልቀቅ ነበረበት። ሠንጠረዡን የሠራ ጸሐፊ ይህ የመጨረሻ በር ስጦታ መሆኑን ወዲያው ያየዋል፤ ተመልካቹ በእንጨት ቁልፍ መተማመን ከለመደ በኋላ የሚመጣ እምቢታ ነውና።

«ማምለጡን እናውቃለን» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሮበር ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው፣ አንድሬ ዴቪኚ ሊዮን ውስጥ ከሚገኘው ሞንሉክ እስር ቤት ያመለጠበትን ታሪክ የያዘው ፊልም፣ ሰውየው እንደሚያመልጥ በርዕሱ ላይ ነው የሚናገረው። ተመልካቹ ግን እስከ መጨረሻው ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል። ልብ የሚሰቅለው «ይወጣ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን አሁን ኮቴ እየተሰማ ያንን ሳንቃ ወደ ቦታው ለመመለስ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ መጨረሻውን አይቀይሩት። ረቂቅዎ ልብ ካልሰቀለ ምክንያቱ በየትዕይንቱ ውስጥ እንቅፋቱ ምን እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደቀረው ተመልካቹ አለማወቁ ነው።

ይህን ለማስተካከል ተመልካቹን መንገዱን አስቀድመው ያስጠኑት። እያንዳንዱ በር ከማምለጫው ሌሊት በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ፦ አንድ ጊዜ በቀን፣ ጠባቂ እየከፈተው እስረኛው ወደ ሥራ ሲያልፍበት፤ ሁለተኛ ጊዜ በድብቅ ሲሞከር። በሦስተኛው፣ በጨለማ፣ ማንም ማብራሪያ አይጠብቅም። የወህኒውን ንድፍ በወረቀት ስለው የጉዞውን አቅጣጫ ይወስኑ፤ ወደ ነፃነት የሚወስደው መንገድ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ በፊልሙ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን። ይህ ካልተጠበቀ በሰባተኛው በር ላይ ተመልካቹ ሰውየው ወደ ውስጥ እየተመለሰ ይመስለዋል፤ ይህን ደግሞ በቅንብር ማዳን አይቻልም።

ዕቅድን በተመለከተ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ እስካሁን የተሻለ አላገኘሁለትም። እስረኞቹ ዕቅዳቸውን በሙሉ ለተመልካቹ ካስረዱ፣ በሌሊቱ ዕቅዱ መበላሸት አለበት። ዕቅዱ እንደታሰበው የሚሳካ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ አይነገር። ሁለቱንም ያደረገ ፊልም አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ያሳያል። ከመጽሐፉ ውስጥ የትኛው እንቅፋት እንደተበላሸ ይፈልጉና የሚብራራው እሱ ይሁን፤ ሌሎቹን በሥራ ብቻ ያሳዩ።

ተራኪ ድምፁ የመጽሐፉ ቅሪት ነው። ብቻውን የታሰረ ሰው የሚያዋራው ስለሌለው ማስታወሻው በሐሳብ ይሞላል፤ ጸሐፊውም ያንን ሐሳብ ላለማጣት ወደ ድምፅ ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ያለ አንዳች ተራኪ ድምፅ የሆነ ሙሉ ረቂቅ ይጻፉ። «ፈራሁ» የሚለው ቦታ ላይ ሞረዱን የያዘው እጅ ይቁም፤ «ተስፋ ቆረጥኩ» የሚለው ቦታ ላይ ለሦስት ቀን ምልክት ሳይጭር የቀረውን ግድግዳ ያሳዩ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ሥዕሉ ሊናገር የማይችለው ነገር ከቀረ፣ ለምሳሌ ስንት ቀን እንደፈጀ ወይም የማይታየው ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ያኔ ድምፁን ይመልሱ። ብሬሶንም ተራኪ ተጠቅሟል፤ የእሱ ተራኪ ግን በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ሥራው ነው፣ ደረቅና አጭር ነው። ሌላው መፍትሔ ጓደኛ መስጠት ነው። «ፓፒዮን» የተባለው የኦንሪ ሻሪየር የወህኒ ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1973 ፊልም ሲሆን በመጽሐፉ ውስጥ ትንሽ ቦታ የነበረው የእስር ጓደኛው ዴጋ የሁለተኛ ዋና ገጸ ባሕርይ ቦታ አገኘ፤ በዚህም በሐሳብ የነበረው ወደ ምልልስ ተቀየረ።

ከግንቡ ውጭ ያለውን ጉዞ በተመለከተ ጨከን ይበሉ። ማስታወሻዎች ድንበር እስኪሻገሩ ድረስ ሌላ 60 ገጽ ይሄዳሉ፤ ፊልም ግን የመጨረሻው በር ሲከፈት ትንፋሹን ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከስምንት ደቂቃ በላይ መሄድ ከባድ ነው። የሚፈቀደው የአምላጮቹ ዕጣ የሚወሰነው ውጭ ከሆነ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 ስታላግ ሉፍት 3 ከተባለው የጀርመን የምርኮኞች ካምፕ በዋሻ የወጡት 76 የጦር ምርኮኞች ነበሩ፤ 73ቱ ተያዙ፣ 50ዎቹ ተረሸኑ። እንዲህ ያለውን ታሪክ በዋሻው አፍ ላይ መጨረስ ውሸት ይሆናል። የእርስዎ ሰው ከግንቡ ወጥቶ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከሄደ ግን የአውቶቡሱ ወንበር ይበቃዋል።

ምን ያህል መለወጥ ይቻላል? ጊዜን መጨፍለቅ፣ ሰዎችን ማዋሐድ፣ ሁለት ፍተሻን አንድ ማድረግ ማንንም አይጎዳም። የማይለወጠው ማን ማንን እንደጎዳና ሰውየው በምን እንደወጣ ነው። ቢሊ ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከቱርክ ኢምራሊ ደሴት ያመለጠው በጀልባ እየቀዘፈ ነው፤ በ1978 የወጣው ፊልም ግን ጠባቂ ገድሎ፣ የጠባቂ ልብስ ለብሶ በበር ሲወጣ አሳየው። ስክሪፕቱ ኦስካር አግኝቷል፤ ያም ሆኖ ጸሐፊው ኦሊቨር ስቶን በ2004 ቱርክ ሄዶ ፊልሙ አገሪቱን ስለሣለበት መንገድ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። በማዕበል መሀል መቅዘፍ ለካሜራ ከግድያ የሚያንስ አልነበረም፤ በእኔ ግምት ያ ለውጥ ከውሸትነቱም በላይ የባከነ ትዕይንት ነው።

በሌላ በኩል ደራሲውንም በጭፍን አይመኑት። የሻሪየር መጽሐፍ ስንቱ የራሱ፣ ስንቱ የሌሎች እስረኞች ታሪክ እንደሆነ ሲያከራክር ኖሯል። ስክሪፕቱን በኅዳግ ማስታወሻ ይሥሩ፦ በየትዕይንቱ ጎን «መጽሐፉ፣ ገጽ ይህን ያህል»፣ «የፍርድ ቤት መዝገብ»፣ «ቃለ መጠይቅ»፣ «ፈጠራ» ብለው ምንጩን ያስፍሩ። የመድን ሰጪው ጠበቃ ይህንኑ ይጠይቅዎታል፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ መሥራት ከጀመሩ ግማሹን ከየት እንዳመጡት አያስታውሱትም።

እውነተኛ እስር ቤት ውስጥ መቅረጽ አይሻልም፤ ቢያንስ ክፍሉን። ሥራ ላይ ያለ ወህኒ ስክሪፕትዎን አንብቦ ነው የሚፈቅደው፤ እያንዳንዱ ብሎን መፍቻ ሲገባና ሲወጣ ይቆጠራል፤ የእስረኞችን ድምፅ ማስቆም አይችሉም፤ እነሱን ያለ ፈቃዳቸው በካሜራ ማስገባትም ነውር ነው። የተዘጋ አሮጌ ወህኒ ለኮሪደር፣ ለግቢና ለግንብ ጥሩ ነው። ክፍሉ ግን የማይቻልበት ምክንያት የሌንስ ሒሳብ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት የማሰቃየት መከላከያ ኮሚቴ ለአንድ ሰው ክፍል ዝቅተኛ ያደረገው፣ መጸዳጃው ሳይቆጠር፣ 6 ካሬ ሜትር ነው፤ 2 በ3 ሜትር በሉት። በሱፐር 35 ካሜራ (በፊልም ሥራ የተለመደ የምስል መቀበያ መጠን ነው) ላይ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገጥሙ፣ በ2 ሜትር ርቀት ላይ የሚያዩት ቁመት 1.12 ሜትር ብቻ ነው፤ የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ እንዲገባ 3.6 ሜትር መራቅ አለብዎት፤ ግድግዳው ደግሞ 3 ሜትር ላይ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ቢጠቀሙ ይገባል፤ ግን ሰፊ ሌንስ ክፍሉን አዳራሽ ያስመስለዋል። በጠባብ ክፍል የተቀረጹ ፊልሞች ጠባብ የማይመስሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ክፍሉን በትክክለኛ ልኩ፣ አራቱም ግድግዳዎች ለየብቻ የሚነሡ፣ ጣሪያው ለሁለት የሚከፈል አድርገው ያሠሩት። ለመብራትና ለካሜራ እንዲመች ብለው አያስፉት፤ ተዋናዩ እጁን ዘርግቶ ግድግዳ ካልነካ ሰውነቱ አይታሰርም። አንዱን ግድግዳ አንሥተው በ50 ሚሊ ሜትር ሲቀርጹ፣ ተዋናዩ ከሩቁ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ ሙሉ ቁመቱ እንዲገባ ካሜራው ከክፍሉ 4 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይርቃል፤ አዳራሽ ሲከራዩ ይህን ያስቡ። ካሜራው ውጭ መሆኑ እንዳይታወቅ ደግሞ ከፊት ለፊት የአልጋ ጠርዝ ወይም የበር መቃን ይኑር፤ ግድግዳ በነበረበት ቦታም አቋርጦ አይንቀሳቀስ። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በእንጨት ፍሬም ላይ ተመትቶ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት ቀለም ቢለሰን በካሜራ ሲሚንቶ ይመስላል። ችግር የሚፈጥረው በሩ ነው፤ ሲወረወር ግድግዳው ይርገበገባል፣ በአንድ ቅጽበትም ወህኒው የእንጨት ቤት ይሆናል። የበሩን መቃን ከግድግዳው ለይተው በቡሎን ከወለሉ ጋር ያስሩት።

የበሩ ክብደት ከድምፅ ይመጣል። በሩን ከእንጨት ሠርተው ድምፁን ከተዘጋው ወህኒ ይቅዱ፦ ቁልፉ ሲዞር፣ መቀርቀሪያው ሲመለስ፣ የምግብ ቀዳዳው ሲከፈት፣ ቡትስ በሲሚንቶ ላይ። እያንዳንዱን በሦስት ርቀት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር፣ ከ3 ሜትርና ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ይውሰዱ። ለእያንዳንዱ ጠባቂ የራሱን አረማመድና የራሱን የቁልፍ ኳኳታ ይስጡት። እስረኛ ሰዓቱንም ሰውየውንም የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ተመልካቹም በሠላሳኛው ደቂቃ ፊቱን ሳያይ «ያኛው መጣ» ማለት ከቻለ፣ ያንን ጠባቂ መቅረጽ የማያስፈልግባቸው ብዙ ትዕይንቶች ያገኛሉ። ገንዘብም ይቆጥባል።

እያንዳንዱ መሣሪያ በብዙ ቅጂ ይሠራ። አንድ የእንጨት ቁልፍ ከጥሬው ጣውላ እስከ መጨረሻው ቅርጽ በአምስት ደረጃ የሚታይ ከሆነ፣ በየደረጃው ሦስት ቅጂ፣ ባጠቃላይ 15 ያስፈልጋል፤ አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ ይጠፋል። ተዋናዩ ሞረድና መጋዝ ከቀረጻው በፊት ሁለት ሳምንት ይለማመድ። የሌላ ሰው እጅ በቅርብ ቀርጾ መቀጠል ያስታውቃል። ለመክሳት ሲባል ግን ያለ ሐኪም አይራብ፤ አንድ ቁጥር የሚሰፋ ልብስና በዓይኑ ሥር የተቀባ ጥላ ከሚያስቡት በላይ ይሠራሉ።

የቀረጻ ቀናትን ሲቆጥሩ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚለው ልማድ በማምለጫው ሌሊት ላይ አይሠራም። «በሩን ከፈተ» የሚለው ሁለት ቃል ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ያንን ክፍል እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በየመስመሩ እንዲለይ አድርገው ይጻፉት። ከ100 ገጽ 80ው በቀን አራት ገጽ ቢቀረጽ 20 ቀን ነው፤ የቀረው 20 የማምለጫ ገጽ በቀን ሁለት ብቻ ነው የሚሄደው፣ 10 ቀን። ሠላሳ ቀን ይያዙ። የክፍሉን ትዕይንቶች ጢሙ እያደገ እንዲሄድ በታሪኩ ቅደም ተከተል ይቅረጹ፤ ክፍሉ የራስዎ ስለሆነ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ በተከራዩት ወህኒ ግን አይቻልም።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ የአሳታሚው ውል ይነበብ፣ ኦፕሽኑ ይፈረም፣ የእንቅፋቶቹ ሠንጠረዥ ከደራሲው ጋር ተቀምጠው ይሞላ፣ ከዚያ ያለ ተራኪ ድምፅ፣ ከ100 ገጽ የማይበልጥ አዲስ ረቂቅ ከባዶ ይጻፍ። የ168 ገጹን ረቂቅ እየከረከሙ አይቀጥሉ፤ በውስጡ ያለው አጥንት የመጽሐፉ ነው። አዲሱ ረቂቅ ሲያልቅ ለአናጺ አንድ ሳንቲም ከመክፈልዎ በፊት ወለል ላይ በቴፕ 2 በ3 ሜትር ያስምሩ፣ አልጋውንና በሩን ምልክት ያድርጉ፣ ሁለት ተዋናዮች ውስጡ አስገብተው የክፍሉን ትዕይንቶች በሙሉ ያስጫውቱ። ከመስመሩ ሳይወጡ ሊጫወቱት ያልቻሉት ትዕይንት ካለ እንደገና የሚጻፈው እሱ ነው።